አንድ ፎቶ፣ ሁለት ስም

ከሸዋሮቢት መናኸሪያ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ በሯ ሰማያዊ የተቀባ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት» ይላል በሩ ላይ የተጻፈው። ባለቤቷ ዘምዘም ናት፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት፣ ቀጠን ያለች፣ ንግግሯ ፈጠን ያለ፣ ከሰው ጋር እያወራች እንኳ ጣቶቿ ፊደል የማይስቱ። ውስጥ ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ እንዲሁም የቆላውን ወበቅ ከወዲህ ወዲያ ከማመላለስ በቀር ምንም የማይፈይድ አንድ ቬንትሌተር ነበራት።

ዘምዘም እዚያው ሸዋሮቢት ተወልዳ ያደገች ናት። በልጅነቷ ከመስጊዱ አስተማሪ ከኡስታዝ አሊዪ ዘንድ ቁርአን ማንበብ ተምራ ቀርታለች። ዐረብኛ ግን አልተማረችም፤ ፊደሉን ታነባለች እንጂ ከጥቂት ቃላት በቀር ትርጉሙን አታውቅም። ዐሥረኛ ክፍል እንደጨረሰች ኮምፒውተር ተማረች፤ አራት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ከሠራች በኋላ የራሷን ቤት ከፈተች። ኢንተርኔት ለከተማው ገና ብርቅ ነበርና ሰው ሁሉ የቸገረውን ይዞ ወደ እሷ ይመጣ ጀመር። ተማሪው የፈተና ውጤቱን፣ ገበሬው ማሾውን የበላበትን ትል መድኃኒት፣ ሙሽራው የሠርግ ካርድ ጽሑፍ ይጠይቃታል። ጠያቂው ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ መልሱ ይደርሰው ነበር። ፍጥነቷ ኩራቷ ነበር። ጎግል ከላይ ያመጣላትን ታነባለች፣ ያንኑ ትናገራለች። ትክክል ባይሆን ኖሮ ከላይ አይመጣም ነበር ብላ ታስብ ነበር፤ እንዲያውም አስባበትም አታውቅም።

ጊዜው ኅዳር 2006 ዓመተ ምሕረት ነው። ሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ማስወጣት የጀመረችበት ሰሞን። በይፋት ቆላ ልጁን ወደዚያ ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነበርና ሰዉ ሁሉ ስልኩን በእጁ ይዞ ነበር የሚውለው። አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ ከጀውሃ በላይ ካለች መንደር ባልና ሚስት መጡ። ባልየው ጋሼ ኸድር ይባላሉ፤ ማሽላና ማሾ የሚያርሱ፣ ከቆየ የደረት ሕመም የተነሣ ሦስት ቃል ተናግረው አንዴ የሚተነፍሱ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው እትዬ ሐቢባ ከኋላቸው ቆመዋል።

«ልጄ ዘምዘም፣ እስቲ ይቺን ማሽንሽን ጠይቂልን» አሉ ጋሼ ኸድር። «ኑርሃን ከጠፋችብን ሦስት ጁምዓ ሆናት።»

ኑርሃን የሃያ ሁለት ዓመት ልጃቸው ናት። ሪያድ ውስጥ በአንድ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ አንድ ጁምዓ አሳልፋ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከሶላት በኋላ ትደውላለች። አሁን ስልኳ ዝግ ነው።

ዘምዘም የልጅቱን ስም ከነአባቷ ጻፈችና «ሪያድ» ብላ ጨመረችበት። ገጹ ወዲያው መጣ። ከሁሉም በላይ አንድ ፎቶ አለ። ጥቁር ዐባያ የለበሰች ሴት በአንድ ሱቅ ደጃፍ፣ ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ ላይ ወድቃለች። ፊቷ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ የሚታየው የጉንጯ ግማሽና የተዘረጋች አንድ እጇ ብቻ ነው። ከሥሩ «በሪያድ በግፈ የተገደለችው እህታችን ኑርሃን ኸድር፣ የይፋት ልጅ» ይላል።

ዘምዘም ደነገጠች። ስክሪኑን ወደ ታች ገፋችው። ሁለተኛው ገጽም ያው ነው። ሦስተኛውም። ዘጠኝ ቦታ ላይ ያው ፎቶ፣ ያው ስም ተቀምጧል።

እትዬ ሐቢባ ከፊቷ ላይ አንብበውት ኖሮ ተንደርድረው መጡና ስክሪኑን ወደ ራሳቸው አዞሩት። ብዙ አላዩም። «እጇ ነው» አሉ። «የልጄ እጅ ነው።» ከዚያም እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ጋሼ ኸድር ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። «እርግጥ ነው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ዘጠኝ ቦታ ወጥቷል ጋሼ» አለች ዘምዘም። «አላህ ይዘንላት።»

ሽማግሌው ፎቶውን በወረቀት እንድታወጣላቸው ጠየቋት። አወጣችላቸው። አራት አድርገው አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት። ከገቡ ጀምሮ እስኪወጡ ድረስ ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር።

መንደሩ ተሰበሰበ። ኡስታዝ አሊዪ ለሩቅ ሟች የሚሰገደውን ሶላት አሰገዱ። እትዬ ሐቢባ የኑርሃንን ቀሚሶችና መጋረጃ አድርጋ የሠራችውን ጥልፍ ሳይቀር ለድሃ ሰደቃ አወጡት። ዘምዘም በሦስተኛው ቀን ሄዳ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ አለቀሰች። ጋሼ ኸድር ከለቅሶው በኋላ ከአልጋ አልተነሡም ሲባል ሰማች፤ ሐዘን ነው፣ ያልፋል ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናት ወደ ቤቷ ገቡ። እትዬ ከበቡሽ ይባላሉ፤ ከቀወት ገጠር የመጡ ገበሬ ናቸው። ሕይወት የምትባል ልጃቸው እሷም ሳዑዲ ናት፤ እሷም ድምጿ ጠፍቷል። እጃቸው ላይ ከጎረቤት የተዋሱት ስልክ አለ።

«ካራቆሬ የምትኖር የእህቴ ልጅ ናት የላከችው» አሉ። «ሕይወት ናት እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ ዐይኔም ደክሟል፣ ልቤም አልቀበል አለ። አንቺ ታውቂያለሽ ሲሉኝ መጣሁ።»

ዘምዘም ስልኩን ተቀበለች። የተዘረጋችው እጅ፣ የተነጠፈው ድንጋይ፣ ወደ ግድግዳው የዞረው ፊት። ያው ፎቶ ነው። ከሥሩ የተጻፈው ግን «እህታችን ሕይወት፣ የሸዋሮቢት ልጅ» ይላል።

እትዬ ከበቡሽ ዐይን ዐይኗን ያዩዋታል።

«ምነው ልጄ? እሷ ናት?»

«አላውቅም» አለች ዘምዘም።

ይህን ቃል በዚያች ክፍል ውስጥ ለማንም ተናግራው አታውቅም ነበር። ለራሷ ጆሮ እንኳ እንግዳ ሆነባት።

«አታውቂም ማለት ምን ማለት ነው? አለች ነው፣ የለችም ነው?»

«እትዬ፣ ይሄን ፎቶ ለሌላ እናት ልጅዎ ናት ብዬ አሳይቻለሁ። ለቅሶ አስቀምጫቸዋለሁ። አሁን ደግሞ በእርስዎ ልጅ ስም መጣ። ያኔም አላውቅም ነበር፤ የማውቅ መስሎኝ ነው። እባክዎ ማንም ቢልዎት ለቅሶ አይቀመጡ። ጊዜ ይስጡኝ።»

እትዬ ከበቡሽ መልሱ መርዶ ይሁን ምሥራች ሳይገባቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ዘምዘም ደንበኞቿን አሰናብታ በሩን ገርበብ አደረገችና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

ያን ቀን ያልሠራችውን ሥራ አሁን ጀመረች። ዘጠኙን ገጾች አንድ በአንድ ከፍታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ሁሉም «በግፍ» የሚለውን ቃል «በግፈ» ብለው ነው የጻፉት። ዘጠኝ ሰው አንድ ዓይነት ስሕተት አይሳሳትም። ዘጠኙ አንዱ ከአንዱ የቀዱት ነው እንጂ ዘጠኝ ምስክር አይደሉም። ከዚያ የወጡበትን ቀንና ሰዓት እየተከተለች ወደ ኋላ ሄደች። ከሁሉ የቀደመው ጋ ስትደርስ ስም የሚባል ነገር የለም። «ይህችን እህት የሚያውቅ አለ?» ይላል ብቻ። ከሥሩ በርካታ ሰዎች አስተያየት ሰጥተዋል፤ አንዱ «የይፋቷ ኑርሃን ኸድር ትሆን እንዴ? ጠፍታለች ሲሉ ሰምቻለሁ» ብሏል። በማግሥቱ ሌላ ገጽ ስሙን ወስዶታል፤ «ትሆን እንዴ» የሚለው ግን ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ ያንን ነው የገለበጡት።

ዘምዘም እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንድ የማታውቀው ሰው የጠየቀውን ጥያቄ እሷ መልስ አድርጋ ለጋሼ ኸድር ሰጥታቸዋለች።

ከዚያ ፎቶውን ራሱን አየችው። ያን ቀን ያነበበችው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ እንጂ ፎቶውን አልነበረም። አጎላችው። ከሱቁ በር በላይ አረንጓዴ ሰሌዳ አለ፣ በዐረብኛ የተጻፈበት። ልጅ ሳለች እንደምታደርገው ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች፣ እየፈደለች ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው ቃል አልገባትም። ሁለተኛው ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ዐይን። ዳል። ኑን።

«ዐድን» አለች ጮክ ብላ።

ቃሉን ታውቀዋለች። ጀናቱ ዐድን፣ የዘላለም መኖሪያ የሆኑት ገነቶች። ኡስታዝ አሊዪ ፊት ተንበርክካ ስንት ጊዜ ቀርታዋለች! ያ ቃል ከወደቀች ሴት ራስ በላይ፣ በሱቅ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ነበር። ቆይቶ ግን ሌላ ነገር ትዝ አላት። በእነዚያው ሦስት ፊደላት የሚጻፈው ዐደን ከተማም ነው፤ የይፋት ወጣቶች ባሕር ተሻግረው የሚረግጡት የየመን ወደብ።

የፊተኛዋ ዘምዘም ብትሆን እዚህ ላይ ተነሥታ በሮጠች። አሁን ግን ራሷን ያዘች። እዚሁ ሸዋሮቢት መዲና የሚባል ምግብ ቤት አለ፤ መዲና ነው ማለት ግን አይደለም። ሪያድ ውስጥም ዐደን የሚባል ሱቅ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የዐረብኛ ፊደል አወጣችና የሰሌዳውን ቃላት እየለቀመች ጻፈች። የመጣላትን ሁሉ፣ ከላይ ያለውንም ከታች ያለውንም፣ ገጽ በገጽ አገላበጠች። አራተኛው ገጽ ላይ ያው ፎቶ ብቅ አለ፤ የጠራና ሰፋ ያለ ሆኖ። ዙሪያው የዐረብኛ ጽሑፍ ነው። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፏል። ቆጠረችው፤ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆኖታል።

በማግሥቱ ጠዋት ወረቀቱን ይዛ ወደ ኡስታዝ አሊዪ ሄደች። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ጠቁሯል።

«የየመን ጋዜጣ ነው» አሉ። «ዐደን ከተማ፣ መድኃኒት ቤት ደጃፍ፣ መኪና የገጫት ስደተኛ ናት ይላል። ከባሕር ማዶ የመጣች ናት፣ ስሟን ያወቀ የለም ይላል።»

ዘምዘም ያገኘችውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ስለ ዘጠኙ ገጾች፣ ስለ «ትሆን እንዴ»፣ ስለ እትዬ ከበቡሽ። ኡስታዝ አሊዪ አላቋረጧትም።

«ሐዲስ ሲነገረን ምን ብለን እንደምንጠይቅ ታስታውሻለሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን ሰማ?»

«አዎ። ኢስናዱ ውስጥ፣ ቃሉን እየተቀባበሉ ባደረሱት ሰዎች ሰንሰለት ውስጥ፣ አንድ የማይታወቅ ሰው ከገባ እንጠረጥራለን። ለሺህ ዓመት ስንማረው የኖርነው ነገር ነው። አንቺ ያን ቀን አልጠየቅሽም።» ዘምዘም አንገቷን ደፋች። እሳቸውም መነጽራቸውን እየጠረጉ ቀጠሉ። «እኔም አልጠየቅኩሽም። ሶላቱን ያሰገድኩት እኔ ነኝ። ተነሺ፣ አብረን እንሂድ።»

ጋሼ ኸድር ጠፍር አልጋ ላይ ጋደም ብለው አገኟቸው። በዐሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ጉንጫቸው ገብቷል፤ ትንፋሻቸው ከውጭ ይሰማል። እትዬ ሐቢባ እግራቸው ሥር ተቀምጠዋል። ዘምዘም ለመቀመጥ አልደፈረችም፤ ቆማ ተናገረች። ፎቶው የኑርሃን አይደለም አለች።

እትዬ ሐቢባ ብድግ ብለው ትከሻዋን ያዟት። «አለች? ልጄ አለች?»

ዘምዘም አዎ ማለት ፈለገች። አንዲት ቃል ናት፤ ቤቱን ሁሉ የምትሞላ ቃል። ኡስታዝ አሊዪ ያዩዋታል።

«አለች ማለቴ አይደለም እማማ» አለች። «ፎቶው ሲነሣ ኑርሃን ገና እዚሁ ቤት ነበረች። በፎቶው ያለችው ሌላ ሴት ናት። ይህን አውቄያለሁ። ኑርሃን አሁን የት እንዳለች ግን አላውቅም። ያን ቀንም አላውቅም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እትዬ ሐቢባ እጃቸውን ከትከሻዋ አነሡ። ጋሼ ኸድር ከኪሳቸው የታጠፈውን ወረቀት አውጥተው ዘረጉላት።

«ውሰጂው» አሉ። ትንፋሽ እስኪያገኙ ቆዩ። «እኔ ገበሬ ነኝ ልጄ። መጠበቅ አያቅተኝም። ያን ቀን አላውቅም ብትይኝ ኖሮ… እጠብቃት ነበር።»

ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ። ዘምዘም ወረቀቱን ይዛ ወጣች።

ጋሼ ኸድር ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ዐረፉ። ከተቀበሩ በስድስተኛው ቀን የእትዬ ሐቢባ ስልክ ጮኸ። ኑርሃን ነበረች። ተይዛ ከብዙ ሺህ ሰው ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ቆይታለች፤ ስልኳን ከወሰዱባት ወዲህ መደወያ አላገኘችም። «አባባን አቅርቡልኝ» አለች መጀመሪያ።

የጤና ባለሙያው የጋሼ ኸድር ሳንባ ከድሮም የተጎዳ ነበር አለ። መንደርተኛው ግን ሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ቀናቸው ነው ሲል፣ ግማሹ የሐሰት መርዶ ነው የገደላቸው አለ። ዘምዘም ለብዙ ወራት ሁለቱንም ድምፅ በጆሮዋ ይዛ ተመላለሰች። በመጨረሻ ሌላውን ነገር በምትመዝንበት መመዘኛ ይህንንም መዘነችው፤ ያገኘችው መልስ አላውቅም የሚል ነበር። አላሳረፋትም። ግን ከዚያ በላይ የሚያውቅ አለ ብላም አላመነችም።

ጥር ላይ ኑርሃን መጣች፤ አንድ ቀን ብቻዋን ወደ ሰማያዊው በር ገባች። ከስታለች፤ በዚያ ሙቀት ከአውሮፕላን ስትወርድ የለበሰችውን ወፍራም ሹራብ አላወለቀችም።

«ሞተሻል ያላችሁኝን ፎቶ አሳዪኝ» አለች።

ዘምዘም አሳየቻት። ኑርሃን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ረጅም ጊዜ አየችው።

«ስለ አባባ ምን እንደምልሽ አላውቅም» አለች ዐይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ልረግምሽ ብዬ ነበር የመጣሁት። ልጅቷን ሳያት ጠፋብኝ።» ከዚያ «ይቺስ እናት የላትም? ለሷ ማን ነገራት?» ብላ ጠየቀች።

ዘምዘም ስለ ኑርሃንም ስለ ሕይወትም ስትጨነቅ ይህን ጥያቄ አንድም ጊዜ አልጠየቀችውም ነበር። ሁለቱ ሴቶች ያን ከሰዓት አብረው ፈለጉ። ኑርሃን ዐረብኛውን አቀላጥፋ ስለምታነብ ለጋዜጣው ደብዳቤ ጻፈች፤ ሴትየዋ ስሟ ተገኝቶ እንደሆነ፣ የት እንደተቀበረች ጠየቀች። መልስ አልመጣም። ሲመሽ እጃቸውን ዘርግተው ለማያውቋት ሴት ዱዓ አደረጉላት። ኑርሃን በዓመቱ ወደ አጣዬ አግብታ ሄደች፤ ለጉዳይ ወደ ሸዋሮቢት ስትመጣ ብቅ ትላለች እንጂ ወዳጆች ሆኑ ማለት አይቻልም።

የዘምዘም ሥራ ከዚያ ወዲህ ዘገየ። ሰው የጠየቃትን ፈልጋ ካገኘች በኋላ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደተጻፈ፣ የጻፈው ሰው የሚሸጠው ነገር እንዳለ ታያለች፤ ከሌላ ቦታ ታመሳክራለች። አንዳንዴ «ለዚህ ግብርና ቢሮ ሂዱ» ወይም «ሐኪም ጠይቁ» ብላ ትመልሳለች። ገበሬው ቶሎ የሚነግረው ሲፈልግ ማዶ ወዳለው አዲስ የኢንተርኔት ቤት ይሻገር ጀመር። እዚያ እንደ ድሮዋ ዘምዘም የሚፈጥን ወጣት አለ። እሷ አልተከራከረችም። ጽሕፈቱና ፎቶ ኮፒው አኖራት።

እትዬ ከበቡሽ ግን አልቀሩም። ሕይወት አልደወለችም፤ ከተመላሾቹም መካከል ስሟ አልተገኘም። በየሁለት ሦስት ወሩ ለገበያ ሲወርዱ ጎራ ይላሉ፤ ዘምዘም ያለውን ሁሉ ታገላብጥና ያየችውንም ያላየችውንም ትነግራቸዋለች። 2009 ዓመተ ምሕረት ሲገባ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሰሞን፣ እንደ ልማዳቸው መጡ።

«ዛሬ መስመር የለም እትዬ» አለቻቸው ዘምዘም። «እስከ ባለፈው ድረስ ካየሁት ሌላ የማውቀው የለም።»

«ገባኝ» አሉ እትዬ ከበቡሽ። ዘንቢላቸውን ከደጃፉ አስቀመጡ።

«እንዲያው ደከሙ እኮ። ከዚያ ድረስ…»

«ልቀመጥ ብዬ ነው ልጄ። መንደር ውስጥ ሁሉም ያውቃል። አንዱ ሞታለች ይለኛል፣ አንዱ አግብታ ልጅ ወልዳለች ይለኛል፣ በስልኩ ያሳየኛል። አላውቅም የሚለኝ ሰው ጋ ትንሽ ልቀመጥ።»

ዘምዘም ከኮምፒውተሩ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። ራሷ በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ወደ ደሴ የሚወጡት መኪኖች እየተከታተሉ ያልፋሉ።